ሽጉጥ አልጎርስ ሲል ጥፋተኛው አጉራሹ ነው

አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ሽጉጥ ሲወራ የሚነሱት ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ማን ታጠቀ? ስንት ተያዘ? በየት በኩል ገባ? ፈቃድ አለው ወይስ የለውም? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ከእነሱ ቀጥሎ መምጣት የነበረበት ጥያቄ ግን ብዙም ሲነሳ አይሰማም። በሕግ የታጠቀው ሰው የያዘውን ዕቃ ያውቀዋል ወይ? ሽጉጡ ጥይት አልጎርስ ብሎ እጁ ላይ ቢነክስበት ምን ያደርጋል?

ነገሩ የባለሙያ ወሬ ይመስላል። የሚመለከተው ግን ባለ ሽጉጡን ብቻ አይደለም። የካ ክፍለ ከተማን ማየት ይበቃል። ከመገናኛ እስከ ኮተቤ ካራ ባንክ፣ መጋዘንና የንግድ ሕንፃ ተደርድሯል። ከቀበና እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ትልልቅ የኤምባሲ ግቢዎች አሉ። ወደ እንጦጦ ጋራ ሲወጣ ደግሞ የደን፣ የፓርክና የግል ግቢ ጥበቃ አለ። በየበሩ የቆመው ጥበቃ ጀርባ ጎረቤት አለ። ግድግዳቸው የተያያዘ የጭቃ ቤቶችና የቆርቆሮ አጥሮች በበዙበት ሰፈር፣ አንድ ሰው «ምን ሆኖ ነው?» እያለ ሲነካካው ሳያስበው የባረቀ ጥይት በቆርቆሮ አይቆምም። ጭቃ ግድግዳም አስተማማኝ መከላከያ አይደለም።

ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው። ሽጉጥ አልጎርስ ሲል አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የጎራሹ ሳይሆን የአጉራሹ ነው፤ የካዝናው፣ የጥይቱ፣ የእጁ። አጉራሽ ሲባል ደግሞ መሣሪያውን የያዘው ሰው ብቻ አይደለም። ያስታጠቀው ድርጅትና ፈቃዱን የሰጠው አካልም ከአጉራሾቹ ይቆጠራሉ። ጥፋቱን በጥበቃው ጫንቃ ላይ ብቻ ጥሎ መሄድ ደግሞ ቀጣዩን አደጋ ቀጠሮ ሰጥቶ እንደመጥራት ነው።

ጉርሻው የሚሄድበት መንገድ

አማርኛ ለዚህ ነገር ጥሩ ቃላት አሉት። ሽጉጥ ጥይት ይጎርሳል፤ ያዡ ያቀባብላል፤ ጉርሻው መንገድ ላይ ሲሰናከል መሣሪያው ነከሰ ይባላል። ጥይቱ በወጉ ገብቶ፣ መርፌው መትቶት ሳይፈነዳ ሲቀር ግን ከሸፈ ነው የሚባለው። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የመጀመሪያው ትምህርት ነው። መንከስ የመንገድ ችግር ነው። መክሸፍ ደግሞ የጥይቱ ወይም የመርፌው ነው።

ጉርሻው እንዲህ ይሄዳል። ጥይቶቹ እጀታው ውስጥ ባለው ካዝና አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ። ከሥራቸው ያለው ሞላ ወደ ላይ ይገፋቸዋል። በካዝናው አፍ ላይ ያሉት ሁለት የታጠፉ የብረት ከንፈሮች የላይኛውን ጥይት ይዘው ያቆዩታል። ሲተኮስ ከላይ ያለው ተንሸራታች ብረት ወደኋላ ይሄድና ባዶውን ቀልሃ ስቦ ይጥላል። ከዚያ በራሱ ሞላ ኃይል ወደፊት ሲመለስ አዲሱን ጥይት ከከንፈሮቹ መካከል ገፍቶ ያወጣል። ጥይቱ በትንሽ ዳገት ላይ ተንሸራቶ ወደ ማደሪያው ይገባል፤ ብረቱም ከኋላው ይዘጋል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ዓይን ተርገብግቦ ሳይመለስ ነው።

ስለዚህ ጥይቱ በሰዓቱ ካልተነሳ ወይም አፍንጫው ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ካልዞረ ጉርሻው ይሰናከላል። የሚሰናከልበት መልክ ደግሞ ምክንያቱን ይናገራል።

ብረቱ ተዘግቶ ውስጡ ግን ባዶ ከሆነ፣ ጥይቱ ሳይነሳ ብረቱ በላዩ አልፎ ሄዷል ማለት ነው። ተጠርጣሪው ካዝናው ነው። ወይ ሞላው ደክሟል፤ ወይ ውስጡ በአቧራና በደረቀ ዘይት ተጣብቋል፤ ወይ ደግሞ ካዝናው እስከ መጨረሻው አልገባም። በማካሮቭ ላይ ካዝናውን የሚይዘው መንጠቆ ከእጀታው ግርጌ ነው። «ቀጭ» ሳይል የቀረ ካዝና የገባ መስሎ ሊቀመጥ ይችላል።

ጥይቱ አፍንጫውን ደፍቶ ከዳገቱ ሥር ከተቀረቀረ አሁንም መጀመሪያ የሚታየው የካዝናው ሞላና ንጽሕናው ነው። አፍንጫውን ወደ ሰማይ አንጋጦ ከተያዘ ደግሞ ከንፈሮቹ ሳይከፈቱ ወይም ሳይጣመሙ አልቀሩም። ሲሚንቶ ላይ የወደቀ ካዝና ከውጭ ሲታይ ደህና ይመስላል፤ ከንፈሩ ግን በትንሹ ቢዛነፍ ይበቃዋል።

ብረቱ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው የሚቆም ከሆነ የጥይቱ ማደሪያ ቆሽሿል፣ ጥይቱ ተቀጥቅጧል፣ ወይም ዓይነቱ ሌላ ነው። የብረቱ መመለሻ ሞላ ደክሞም ሊሆን ይችላል። አሮጌው ቀልሃ ሳይወጣ አዲሱ ጥይት ከኋላው መጥቶ ከተጋፋው ደግሞ ነገሩ የማጉረስ ይመስላል እንጂ የማውጣት ነው። ቀልሃውን ስቦ የሚያወጣው ትንሽ ጥፍር ተሸርፏል፣ ሥሩ በጥላሸት ተሞልቷል፣ ወይም ሞላው አልቋል።

ካዝናውን ከሽጉጡ ለይቶ ለመመርመር ቶርኖ ቤት አያስፈልግም። ካዝናዎቹን 1፣ 2፣ 3 ብሎ መጻፍና በተፈቀደ የተኩስ ቦታ አንድ በአንድ መሞከር ይበቃል። ቁጥር 1 ሲነክስ ቁጥር 2 ካልነከሰ ጥፋተኛው ታውቋል። በሁሉም የሚነክስ ከሆነ ወደ ጥይቱና ወደ ሽጉጡ መሄድ ነው። ብዙ ሰው ግን ከዚህ በተቃራኒው ይጀምራል። ሽጉጡን ይወቅሳል፣ ይፈታዋል፣ ይሞርደዋል፤ ያው የተጣመመ ካዝና ግን ተመልሶ ይገባል።

ሁሉም «ዘጠኝ» አንድ አይደለም

ሁለተኛው አጉራሽ ጥይቱ ነው። በአገራችን ስለ ሽጉጥ ጥይት ሲወራ «ዘጠኝ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ዘጠኝ ሚሊ ሜትር የሚባለው ጥይት ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የቀልሃው ርዝመት 17 ሚሊ ሜትር የሆነ አለ፤ 18 የሆነ አለ፤ 19 የሆነ አለ። በስፔን ሽጉጦች ላይ ደግሞ 23 የሆነም አለ። የማካሮቭ ጥይት 18 ነው። አረሩም ከስሙ ወፈር ብሎ ወደ 9.27 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ የ17 እና የ19 አረር ግን 9 ሚሊ ሜትርን እምብዛም አያልፍም።

ልዩነቱ የጥፍር ውፍረት ያህል ነው፤ መዘዙ ግን ትንሽ አይደለም። ባለ 19 ጥይት ርዝመቱ ስለሚበልጥ ማካሮቭ ካዝና ውስጥ በወጉ አይገባም፤ ስለዚህ ስህተቱ ቶሎ ይታወቃል። አታላዩ ባለ 17 ነው። ካዝናው ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ሊጎረስም ይችላል፤ ግን ለዚያ ሽጉጥ አልተሠራም። ቀልሃው ያጥራል፣ አረሩም ይቀጥናል። አንዴ ይነክሳል፣ አንዴ ይከሽፋል፣ አንዴ ይተኮሳል፤ ባለቤቱም «አመል ያለው ሽጉጥ» እያለ ይኖራል። የማካሮቭን ጥይት ለባለ 17 በተሠራ ሽጉጥ ማስገባት ደግሞ ተቃራኒው ነው። አረሩ ስለሚወፍር ብረቱ አልዘጋም ይላል። ያን ጊዜ በመዳፍ መትቶ ለማስገባት መሞከር አደጋን በገዛ እጅ መጥራት ነው።

ስታር የሚባለው የስፔን ሽጉጥ ይህን ችግር ያባብሰዋል። ስታር የፋብሪካ ስም እንጂ የጥይት ስም አይደለም፤ ፋብሪካው በተለያየ ጊዜ ለተለያየ ጥይት ሠርቷል። «የስታር ጥይት» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ምን እንደሚፈልግ ራሱም አያውቅም ማለት ነው። መልሱ ብረቱ ላይ ተቀርጿል፤ የጥይቱም ብዙውን ጊዜ ከቀልሃው ግርጌ ላይ ይነበባል። ሁለቱን ሳያነቡ ጥይት ማስገባት መድኃኒትን ብልቃጡን ሳያነቡ እንደመዋጥ ነው። በዚያ ላይ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1997 ተዘግቷል። ካዝናውና ሞላው እንደ ልብ አይገኝም። የስታር ካዝና ከንፈር ሲጣመም ምትክ ፍለጋው የት እንደሚያደርስ መገመት አያዳግትም።

እንጦጦ የሚያውቀው በሽታ

ጥይትና መሣሪያ አለመገናኘት ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ጥቅምት ወር ንጉሠ ነገሥት ሆነው የተቀቡት እዚሁ ጋራ ላይ፣ በእንጦጦ ማርያም ነው። በዚያ ዘመን መንግሥት የተገኘውን ጠመንጃ ሁሉ ከየአቅጣጫው ይሰበስብ ነበር። ስሞቹ እስካሁን በአማርኛ ቀርተዋል፤ ሰናድር፣ ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽር። ሰናድር ከእንግሊዙ ስናይደር፣ ውጅግራም ከፈረንሳዩ ፉዚል ግራ የመጣ ስም ነው። እያንዳንዱ የራሱ ጥይት ነበረው። ጥይት በገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለገለበት ጊዜም ነበር። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ ላብ ሲጠጣና ሲቀጠቀጥ የኖረ ጥይት አንድ ቀን ጠመንጃ ውስጥ ገብቶ ሥራህን ሥራ ይባላል።

ጣሊያን በ1928 ሲወርር አርበኛው የገባው ዓይነቱ በበዛ ጠመንጃና ባረጀ፣ በተደባለቀ ጥይት ነው። ድፍረት አልጎደለም፤ ጥይቱ ግን ከመሣሪያው ጋር አልተስማማም ነበር። በደርግ ዘመን ደግሞ ከሶቪየት ኅብረት ጋር በነበረው ወዳጅነት የምሥራቁ መሣሪያ በብዛት ገባ፤ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ የሶቪየት ጦር መሣሪያ የሆነው ማካሮቭም የዚያ ዘመን ዕቃ ነው። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ብዙ መሣሪያ ከግምጃ ቤት ወጥቶ ሕዝብ ውስጥ ቀረ። ዛሬ በአንድ ጥበቃ ወገብ ላይ ያለ ሽጉጥ ከያዡ በዕድሜ ሊበልጥ ይችላል። ሽጉጥ ቢያረጅ ብዙ አይደንቅም፤ ብረቱ ዘመናትን ይሻገራል። ሞላውና ጥይቱ ግን አብረውት አይሻገሩም።

የርክክብ ሰዓት

ሦስተኛው አጉራሽ እጅ ነው። እዚህ ላይ በጥበቃ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር አለ። አንድ ሽጉጥ ለሁለትና ለሦስት ተረኛ ሲሆን ጠዋት ማታ ርክክብ አለ። ተረካቢው ጥይቱን አውጥቶ ይቆጥራል፣ መልሶ ይሞላል፣ ያቀባብላል። በማግሥቱም እንዲሁ። ከላይ የምትቀመጠው ጥይት ብዙ ጊዜ ያችው ናት። በየቀኑ ትጎረሳለች፣ በየቀኑ ትወጣለች።

በእያንዳንዱ ማቀባበል አፍንጫዋ ዳገቱን ይመታል። ስትመታ ስትመታ አረሩ ቀስ በቀስ ወደ ቀልሃው ውስጥ ይሰምጣል። ያጠረች ጥይት በመጀመሪያ ለመጎረስ ታስቸግራለች። ከዚያ የከፋው ደግሞ ባሩዱ የነበረው ቦታ ስለሚጠብብ ስትተኮስ ግፊቱ ከልክ በላይ ይጨምራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከርክክቡ ጥይት አንዷን ወስዶ ካልተነካች ጥይት ጋር ጎን ለጎን ማቆም ነው። አጥራ ከታየች ወይም ጎኗ ከተቀጠቀጠ ለብቻ ተለይታ ለሚመለከተው ክፍል ትመለስ። ከዚያም ይልቅ የሚሻለው ያለ ምክንያት በየርክክቡ ማቀባበልን ማስቀረት ነው።

የእጅ ጥፋት ሌላም መልክ አለው። ብዙ ሰው ሲያቀባብል ብረቱን ይዞ ቀስ አድርጎ ወደፊት ይሸኘዋል፤ ድምፅ እንዳይሰማ ወይም «እንዳይጎዳ» ብሎ። ብረቱ ግን የተሠራው በሞላው ሙሉ ኃይል እንዲመለስ ነው። ተሸኝቶ የሄደ ብረት ጥይቱን ግማሽ መንገድ ላይ ይተወዋል። አንዳንዱ ደግሞ ጥይት በእጁ ማደሪያው ውስጥ ጥሎ ብረቱን ይዘጋበታል። በብዙ ሽጉጦች ላይ የቀልሃ መሳቢያዋ ጥፍር ጥይቱን ከሥር ተቀብላ እንድትይዝ እንጂ ዘላ እንድትነክስ አልተሠራችም፤ ሲደጋገም ትሸረፋለች። ሲተኮስ እጅን ማላላትም ያስነክሳል፤ ብረቱ ወደኋላ የሚሄደው መሣሪያው በጽኑ ሲያዝ ነው።

ብርድ፣ ጉምና የሞተር ዘይት

የእንጦጦ ጋራ ወደ 3,200 ሜትር ከፍታ ይደርሳል። ሌሊቱ ይበርዳል፤ በክረምት ጉሙ እስከ ረፋድ አይገፈፍም። ከብርድ ገብቶ ከሰል ወደተቀጣጠለበት የጥበቃ ክፍል የሚገባ ብረት ላቡን ያወጣል። ያ ጠል ካዝናው ውስጥ ሲቀር ሞላው ይዝጋል። ከቆዳ ማህደር ውስጥ ወጥቶ የማያውቅ ሽጉጥ ደግሞ እርጥበቱን ከቆዳው ይጠጣል። በበጋ በኩል ከታች ከግንባታው የሚነሳው አቧራ አለ።

ለሁለቱም ሰው የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ ዘይት ማብዛት። ያውም የሞተር ዘይት ወይም ግሪስ። ወፍራም ዘይት በብርድ ይረጋል፤ ብረቱን ያዘገየዋል፤ አቧራ ይሰበስብና ጭቃ ይሆናል። ትክክለኛው ተቃራኒው ነው። ብረት ከብረት የሚፋተግበት ቦታ ላይ ስስ የመሣሪያ ዘይት፣ የቀረው ደረቅ። የካዝናው ውስጥ ደረቅ ይሁን። ጥይት ደግሞ ፈጽሞ ዘይት አይቀባም። ዘይት ወደ ጥይቱ መቀጣጠያ ከገባ ጥይቱ ይከሽፋል።

ሲነክስ ምን ይደረግ

እስካሁን የተባለው ሁሉ በሰላም ጊዜ የሚሠራ ነው። ሽጉጡ በነከሰበት ቅጽበት የሚያስፈልገው ግን ሌላ ነው። ብዙዎቹን አደጋዎች የሚያስከትለው መንከሱ ሳይሆን ከነከሰ በኋላ የሚደረገው መነካካት ነው።

ከሁሉ በፊት አፈሙዙ ወደ ሰው፣ ወደ ቤት ወይም ወደ ገዛ እግር እንዳይዞር፤ ጣትም ከምላጩ ይውጣ። ምላጩ ተስቦ ጥይቱ ካልተኮሰ 30 ሰከንድ ያህል አፈሙዙን አደጋ ወደሌለበት አቅጣጫ ይዞ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ዘግይቶ የሚፈነዳ ጥይት አለና። ከዚያ ካዝናው ይወጣል። መጀመሪያ ካዝናው። ቀጥሎ ብረቱ ወደኋላ ይሳባል፤ ማደሪያው ውስጥ ያለው ጥይት ወይም ቀልሃ ይወድቃል። በመጨረሻ ማደሪያው በዓይን ይታያል፣ በጣትም ይዳሰሳል። ጨለማ ከሆነ ጣት ከዓይን ይበልጣል።

ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ሰው ይሞታል። ካዝናው ሳይወጣ ብረቱን የሚስብ ሰው አንዱን ጥይት ሲያወጣ ሌላውን ያጎርሳል። ከዚያ ካዝናውን ያወጣና «ባዶ ነው» ብሎ ምላጩን ይስባል። ባዶው ካዝናው ነው፤ ሽጉጡ ግን ጎርሷል።

ቀልሃና ጥይት ተጋፍተው ካዝናው አልወጣም ካለ ብረቱን ወደኋላ ቆልፎ ካዝናውን መንቀል ነው። ያም ካልሆነ ሥራው እዚያ ላይ ያበቃል። በመዶሻ፣ በካቻቪቴ ወይም በቢላ የተቀረቀረ ጥይት መጎርጎር የለም። ሽጉጡ አፈሙዙ አደጋ ወደሌለበት አቅጣጫ ሆኖ ይቀመጣል፤ አንድ ሰው ይጠብቀዋል፤ የሚያውቅ ሰው ይጠራል። ይህን ማድረግ ፈሪነት አይደለም።

የማይጠገን ነገር

ጥገና ላይ አንድ መስመር መኖር አለበት። ማጽዳት፣ ዘይት መቀባት፣ ካዝና መለየት፣ ጥይት መመርመር የያዡ ድርሻ ነው። ዳገቱን በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ፣ የካዝና ከንፈር በፒንሳ ማጠፍ፣ ጥፍሯን መሞረድ፣ የሌላ ዕቃ ሞላ ቆርጦ መግጠም ግን የማንም ድርሻ አይደለም፤ የቶርኖ ቤት ባለሙያውም፣ የብየዳ ቤት ጎረቤቱም። እጃቸው ወርቅ ይሆናል፤ ነገር ግን ከብረት የተወሰደ ተመልሶ አይመጣም። የጦር መሣሪያ መጠገን ደግሞ ማንም ተነስቶ የሚሠራው ሥራ አይደለም።

ጨርሶ የማይጠገንም አለ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በፖሊስና በጉምሩክ ዜና ላይ ስማቸው ከሚደጋገም ሽጉጦች መካከል ኢኮልፒ የሚባለው የቱርክ ዕቃ ይገኝበታል። ይህ ስም የመጣው ድምፅ ብቻ እንዲያሰማ ከተሠራ ሽጉጥ ነው። ብረቱ ለድምፅ ጥይት የተሠራ ለስላሳ ቅይጥ ነው እንጂ የእውነተኛ ጥይትን ግፊት እንዲችል አልተሠራም። እንዲህ ያለውን ቀይሮ እውነተኛ ጥይት የሚያስገባበት ሰው አልጎርስ ሲለው መፍትሔ ሊፈልግለት አይገባም። የመጨረሻው መፍትሔ ያ አልጎርስ ማለቱ ራሱ ነው፤ ቢጎርስ ኖሮ የያዡን እጅ ይበላ ነበር። ያለው አማራጭ ለሕግ ማስረከብ ነው።

«እሳት ላይ ቤንዚን» ለሚሉ

ይህን ሁሉ በአደባባይ ማስተማር እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው የሚል ይኖራል። ከተማዋ የሚያስፈልጋት ያነሰ መሣሪያ እንጂ በደንብ የሚሠራ መሣሪያ አይደለም የሚል ክርክርም ይነሳል። ሁለተኛው እውነት አለው፤ ያነሰ መሣሪያ ይሻላል። ነገር ግን ያነሰውም መሣሪያ በሰው እጅ ነው የሚሆነው። የባንኩ በር ያለ ጥበቃ አያድርም ተብሎ እስከታመነ ድረስ ጥበቃው የያዘውን እንዲያውቅ ማድረግ ግዴታ ነው። ከላይ የተዘረዘረው ትምህርት ደግሞ ፍሬ ነገሩ ተኩስ አይደለም። አራግፍ፣ ተመልከት፣ አትነካካ፣ ለሚያውቅ ስጥ ነው። ክፉ አሳቢ ከዚህ የሚያተርፈው ነገር የለም። የሚያተርፉት ጎረቤቱና ራሱ ጥበቃው ናቸው።

«ጥበቃው ራሱ ይጠንቀቅ» የሚሉም አሉ። በትንሽ ደመወዝ ሌሊቱን በብርድ የሚቆም ሰው ከኪሱ ሞላና የመሣሪያ ዘይት እንዲገዛ መጠበቅ አግባብ አይደለም። ሽጉጡ የድርጅቱ ነው፤ ካዝናውም ጥይቱም የድርጅቱ ነው። ጥፋቱ ሲመጣ ብቻ የሠራተኛው መሆን የለበትም።

በ2012 የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ ያለ ፈቃድ እንዳይያዝ አድርጓል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፈቃድ ግን የወረቀትና የብረት ቁጥር ማመሳከር ብቻ ሆኖ ከቀረ ግማሽ ሥራ ነው። የሽጉጡ ቁጥር ሲመዘገብ ካዝናው ይታይ፤ ጥይቱ ብረቱ ላይ ከተቀረጸው ጋር ይነጻጸር፤ ያዡም በተቆጣጣሪው ፊት መሣሪያውን በትክክለኛው ቅደም ተከተል አራግፎ ያሳይ። ሦስቱም አብረው ጥቂት ደቂቃ ይፈጃሉ። ማራገፍ የማይችል ሰው መታጠቅ አይችልም። መኪና ማቆም ለማይችል መንጃ ፈቃድ አይሰጥምና።

ከድርጅቶች የሚጠበቀውም ከዚህ የከበደ አይደለም። በየጥበቃ ክፍሉ አሸዋ የተሞላ በርሜል ይቀመጥ፤ ሽጉጥ የሚሞላውም የሚራገፈውም አፈሙዙ ወደዚያ ዞሮ ይሁን። ካዝናዎች ቁጥር ይሰጣቸው፤ የነከሰው ካዝና በመዝገብ ይጻፍና ከሥራ ይውጣ። በርክክብ ሲመላለሱ የኖሩ ጥይቶች በየጊዜው ይቀየሩ። ተረኛው በዓመት የተወሰነ ቀን በተፈቀደ የተኩስ ቦታ በያዘው ሽጉጥ ይለማመድ፤ ተኩሶበት የማያውቀውን መሣሪያ ይነክስ አይነክስ ሊያውቅ አይችልምና። የተበላሸው ደግሞ ወደ ሰፈር ቶርኖ ቤት ሳይሆን ፈቃድ ወዳለው ባለሙያ የሚሄድበት የታወቀ አድራሻ ይኑር።

ከዚህ ውስጥ ውድ የሚባል የለም። በርሜል፣ አሸዋ፣ እስክሪብቶ፣ መዝገብና ጥቂት ጥይት ነው። አንዲት ባልታሰበች ሌሊት ከጥበቃ ክፍል ወጥታ የጎረቤትን ቆርቆሮ የምትበሳ ጥይት ግን ዋጋዋ አይተመንም። ስለዚህ ሽጉጥ ነከሰ ሲባል ሽጉጡን ብቻ ማገላበጥ ይቁም። ካዝናውን ማን ገዛው፣ ጥይቱን ማን ሰጠው፣ ያዡን ማን አስተማረው የሚለው አብሮ ይጠየቅ።